ንክኪ የሌለው

የሰደበችኝ የምወዳት ልጅ እናት ናት። ሐሙስ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፤ ኤምባሲው ለተጓዦች ምርመራ በመደበው ክሊኒክ አንደኛ ፎቅ ላይ። ከራጅ ክፍሉ በር በስተግራ ባለው አግዳሚ ወንበር አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች። እናትየዋ ቡናማ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ «እትዬ» እያልኩ በአንቱታ ነበር የምጠራት፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አእምሮዬ ብሩህ ስለሆነ አይደለም። ብሩህ ቢሆን ኖሮ ከስምንተኛ ክፍል አላቋርጥም ነበር። ነገር ግን ሰዎች ተናግረው የሚረሱትን እኔ አልረሳም። «አንተን ከማስተምር ይህን ጥቁር ሰሌዳ ባስተምር ይሻለኛል» ያለኝን የሒሳብ አስተማሪ የሸሚዝ ቀለም እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።

ነጭ ጋዋን የለበሰች ሲስተር ወረቀት ይዛ ወጣች። ልጅቷ የሰጠችው አክታ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ መገኘቱን፣ ስለዚህም ባለፉት ሦስት ወራት ከእሷ ጋር በአንድ ክፍል ብዙ ሰዓት ያሳለፈ ሰው ሁሉ መመርመር እንዳለበት ተናገረች። ስሞቹን የሰጠችው ታማሚዋ ራሷ ናት አለችና ማንበብ ጀመረች። እናቷ። ታናሽ ወንድሟ። መሥሪያ ቤት አጠገቧ የሚቀመጡ ሁለት ሴቶች። የልጅነት ጓደኛዋ። ልብስ አጣቢያቸው። ወንድሟን ቤት እየመጣ የሚያስጠናው መምህር እንኳ ተጠራ። ሰባት ሰው። እኔ ስምንተኛውን ስጠብቅ ሲስተር ወረቀቷን አጠፈች።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና እርስዎስ ምኗ ነዎት ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እናትየዋ መለሰችልኝ።

«እሱ ሶፋችንን የሚጠግን ሰው ነው። ንክኪ የለውም።»

አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ፈገግ አለ። እሷ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በሩ ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ እናቷን፣ ከዚያ የወለሉን ንጣፍ። ምንም አልተናገረችም። እናት ብትሰድበኝ፣ እናት ናት፣ እችለዋለሁ። የእሷ ዝም ማለት ግን ደረቴ ውስጥ እንደ ጎበጠ መስማር ቀረ፤ ሲገባም ሲወጣም የሚቧጭር።

ንክኪስ ነበረን። ከማንም የበለጠ ነበረን።

አባቷ ውጭ አገር ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በስንት ልፋት ለሚስቱና ለሁለቱ ልጆቹ የመግቢያ ወረቀት ጨረሰ። እናትየዋም ከመሄዷ በፊት የሳሎን ዕቃዋን አሳድሳ በደህና ዋጋ ለመሸጥ እኔን አስጠራችኝ። አሥራ አንድ ቀን በረንዳቸው ላይ ሠራሁ። የድሮውን ጨርቅ ገፈፍኩ፣ የረገበውን ስፖንጅ ቀየርኩ፣ እንጨቱን አጠበቅኩ። እኛ ሶፋ የምንሠራ ሰዎች መስማር በከንፈራችን ይዘን ነው የምንመታው፤ ሁለት እጅ አይበቃንማ። ልጅቷ ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ ራቁቱን ከቀረው ሶፋ እንጨት ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገረችኝ «አንድ ቀን ብትውጠውስ?» ብላ ነው። አፌ መስማር ሞልቷልና ጭንቅላቴን ነቅንቄ «አልውጥም» አልኳት። ሳቀች። ስድስት መስማር አፌ ውስጥ ሆኖ መሳቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ ጀምሮ ስሜ «ባለመስማሩ» ሆነ።

ሥራውን አስረክቤ በሳምንቱ እናትየዋ ደወለች። የአንዱ ትራስ ስፌት ተተርትሯል አለችና ሥራህ ይኼ ነው ወይ ስትል አሾፈችብኝ። እኔ የሰፋሁት አይተረተርም። ሄጄ ሳየው በምላጭ የተቆረጠ ነው። ሰፋሁት። በሌላው ሳምንት ደግሞ ተጠራሁ፤ ያው ትራስ፣ ያው ቦታ። በአራተኛው ጊዜ ስፖንጁ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። «ስፌትህ ጠንካራ ስለሆነ ጣቴን ቆረጥኩ። ከዚህ በኋላ ሳትጠራ ና» ይላል።

ሳልጠራ መሄድ አልቻልኩም፤ የዚያ ቤት በር ለእንደኔ ዓይነቱ የሚከፈተው ዕቃ ሲበላሽ ነው። እሷ መጣች እንጂ። ሱቄ ዐሥር እርምጃ የማትሞላ አንዲት ክፍል ናት። ሰው እንዳያያት መዝጊያውን ገርበብ አድርገን፣ ያላለቀ የሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠን ስንት ከሰዓት በኋላ አሳለፍን። የአሮጌ ጥጥ አቧራ ያስለኛል። ሶፋ ሠሪ ሁሉ ያስላል፤ ያሠለጠነኝ ሰውዬም ሲያስል ነው የኖረው። ታከም ስትለኝ የሥራ ጠባይ ነው እላታለሁ። አፌን በመሐረቤ እይዛለሁ፤ እሷም መሐረቡን ቀምታ ላቤን ትጠርግልኛለች።

ያሰብነው ቀላል ነበር። እሷ ቀድማ ትገባለች፤ ከገባች በኋላ ባሌ ነው ብላ እኔን ትጠራኛለች። ሁለት ዓመት ይፈጃል አሉ። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ አልኩ። የማንም ሰው የቤት ዕቃ ላይ ተቀምጬ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያ ሐሙስ ክሊኒክ የሄድኩትም እሷ ፈርቻለሁ ስላለችኝ ነው።

የመጣው ውሳኔ አጭር ነው። የሚተላለፍ በሽታ ስላለባት ታክማ እስክትድን መግባት አይፈቀድላትም፤ ስድስት ወር መድኃኒት፣ ከዚያ እንደገና ምርመራ። እናትና ወንድሟ ነጻ ቢባሉም ጥለዋት አልሄዱም። አባትየው በስልክ አገሩ የታመመ ሰው አያስገባም፣ ሕጉ ነው፣ መከራከር የለም እንዳለ ከጎረቤት ሰማሁ። ሕጉን ለመስደብ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን እኔም አሮጌ ጨርቅ ሲያመጡልኝ መስኮት ላይ ዘርግቼ ቀዳዳውን ሳላይ አልቀበልም።

በየጠዋቱ ክሊኒኩ እየሄደች ክኒኗን ሲስተር ፊት መዋጥ ነበረባት። ሦስት ጊዜ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየኋት። በሦስተኛው ቀን አየችኝ። ከጭምብሉ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታዩኛል፤ ከስተው ትልልቅ ሆነዋል። እጇን አነሳችና መሐል ላይ ተወችው፤ ልትጠራኝ ይሁን ልታባርረኝ አልገባኝም። እኔ ዞሬ የዕቃ መሸጫውን መስታወት ማየት ጀመርኩ። ድስቶች ነበሩ። ክዳናቸውን ስቆጥር ቆየሁ። ልብስ አጣቢ የገባችበት ዝርዝር ውስጥ ያልገባሁ ሰው ምን ብዬ እጅ አነሳለሁ? ዘወር ስል ሄዳለች። ልቤ የሄደችበትን እየተከተለ እግሬ ግን ድስቶቹ ጋ ቆሞ ቀረ።

ስትደውል አላነሳም። ሲሰለቻት ደብዳቤ ጀመረች። ከእኔ ሱቅ ግድግዳ የሚጋራ መስታወት ቆራጭ አለ፤ ቀልደኛ ሰው ነው። በሱ በኩል ነበር የምትልከው።

«ጌታው፣ ደብዳቤ መጥቶልሃል» ይለኛል። «ካላነበብከው እኔ ላንብበው። ሚስቴ እንደሆነች ከሠርጋችን ወዲህ የጻፈችልኝ የአስቤዛ ዝርዝር ብቻ ነው።»

የመጀመሪያው ሲመጣ የአንድ ሆቴል ባለክንድ ወንበር እየሞላሁ ነበር። ፖስታውን አገላበጥኩት። የእጅ ጽሑፏን አየሁ፤ የእኔን ስም አሳምራ ነው የጻፈችው። ፖስታ ላይ ለመጻፍ ታውቂበታለሽ፣ አልኩ በልቤ። ከዚያ ስፖንጁና ጥጡ መሐል ከተትኩት፤ ጨርቁን ወጥሬ መታሁት። ወንበሩ በማግስቱ ሄደ። ሁለተኛውን ለጥርስ ሐኪም በሠራሁት የወረፋ መጠበቂያ ወንበር ውስጥ፣ ሦስተኛውን አንድ የአልጋ ራስጌ ውስጥ ሰፋሁት። አራተኛው የት እንደገባ ይጠፋኛል፤ ስድብ ካልሆነ ነገር አእምሮዬ ላይ አይቆይም።

በእሷ ቃል ላይ ተቀምጦ ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታው ግን ክሩን ቋጥሬ እስክቆርጥ እንኳ አይቆይም፤ ወዲያው እጄ ባዶ ይሆንብኛል።

ስድስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል አንድ የክሬም ቀለም ጨርቅ ስቆርጥ ሳል ያዘኝ። መሐረብ እስካወጣ አልጠበቀኝም። ቀና ስል ጨርቁ ላይ ደም አለ፤ ብዙ አይደለም፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል። መጀመሪያ የታየኝ የጨርቁ ዋጋ ነው። መስታወት ቆራጩ ግን አይቶኝ ኖሮ መቁረጫውን ጥሎ መጣ፤ ክንዴን ይዞ እየጎተተ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ አልቀለደም። የፈራሁት ያኔ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘሁት ሐኪም ሸምገል ያለ ሰው ነው። አክታዬን ካስመረመረ በኋላ የራጄን ፊልም መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳየኝ። በቀኝ በኩል፣ ከላይ፣ ብል የበላው ጨርቅ ይመስላል። ይህ የሰሞኑ አይደለም፣ ወራት አልፎታል፣ ሳንባህን ቦርቡሮታል አለኝ። መድኃኒት አስጀመረኝ። ከስድስት ወር በፊት መጥተህ ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። የሚቀጥሉትን ሳምንታት ከማንም ጋር በዝግ ክፍል እንዳልቀመጥ፣ በሽታው እንዳይተላለፍብህ ሳይሆን አንተ እንዳታስተላልፍ ነው ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ሕመሙ ከማን እንደያዘኝ ጠየቅኩት። አይታወቅም አለኝ፤ አንድ ጊዜ ከገባ ማን ለማን እንደሰጠ የሚናገር የለም።

ቀጥሎ የቅርብ ሰዎቼን እንድነግረው ብዕሩን አዘጋጀ። መስታወት ቆራጩን ነገርኩት። ሌላስ አለኝ። ካለፈው ስድስት ወር ወዲህ ሌላ የለም አልኩት።

መስታወት ቆራጩ ተመርምሮ ነጻ ሆነ። «ወዳጅ ዘመድ ተብዬ ስጠራ በዕድሜዬ መጀመሪያዬ ነው» አለኝ ሲመለስ። ሳቅኩለት። ሲሄድ ግን ያን የሐኪሙን ነገር ማውጠንጠን ጀመርኩ። ስንት ዓመት ያሳለኝ እኔ ነኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ አጠገቤ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። አባቷ ዘጠኝ ዓመት የለፋበትን በር በትንፋሼ ዘግቼባት ይሆን? ወይስ እሷ ናት የሰጠችኝ? እንዲህም ብዬ፣ እንዲያም ብዬ አሰብኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምቀየመው ሰው አጣሁ።

መድኃኒት በጀመርኩ በስምንተኛው ቀን መጣች። ማክሰኞ ነበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጭምብል የላትም። ፊቷ ሞልቷል፤ ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ከጎን የመስታወት መቁረጫው ድምፅ ቀጥ አለ።

ልትገባ እግሯን ስታነሳ እዚያው ቁሚ አልኳት። ማስቲሽ ቀብቻለሁ፣ ይሸታል አልኩ። ማስቲሽ ከነክዳኑ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አየችው። እግሯን ከበሩ ደፍ ላይ መልሳ አወረደች። እኔ ወደ ኋላ፣ እስከ ጓሮው መስኮት ድረስ ሄድኩና ከፈትኩት። ፊቴን ወደዚያ አድርጌ ነው የማዳምጣት። እንደ ኩራት እንዲታይብኝ ፈለግኩ፤ ኩራት ማሳየት አያቅተኝም።

ቆማ ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ ተመርምራ ሦስቴም ነጻ ተብላለች። ቪዛው ተመትቷል። ቅዳሜ ሦስቱም ይበራሉ። ዐርብ ብቻ ክሊኒክ ሄዳ የመጨረሻውን ወረቀት መፈረም አለባት፤ እዚያ ላይ ከታመመ ሰው ጋር ንክኪ ነበረሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ካለች ሁሉም ከሀ ይጀምራል፤ እናቷም ወንድሟም አብረው ይቀራሉ። ይህን ስትናገር ድምፅዋ የተማረ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ተሰበረ።

«ደብዳቤዎቼን አንብበሃቸዋል አይደል?»

ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልኩ።

ጀርባዬን እያየች እንደሆነ ይሰማኛል።

«አላነበብካቸውም» አለች። «ስለዚህ ስምህን ለምን እንዳልጻፍኩ አታውቅም። እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሁሉ ኤምባሲው ጋ ፋይል ይከፈትለታል። ነገ ባሌ ነው ብዬ ስጠራህ ያን ፋይል አውጥተው ቢከለክሉህስ ብዬ ፈራሁ። ስምህ እዚያ ቤት ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይልኝ ነው ያስቀረሁት።»

«እናትሽ ንክኪ የለውም ስትል ዝም አልሽ።»

«አፌን ብከፍት ስምህ ነው የሚወጣው። ስምህን ውጬ ነው የቆምኩት። ቤት ስንገባ ከእናቴ ጋር የሆንነውን አንተ አታውቅም፤ እሱንም ጽፌልሃለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ሁሉም አለ። እዚያ ክሊኒክ እንዳትሄድ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ በነጻ ነው፣ ዛሬውኑ ሂድና ተመርመር ብዬ ነበር። ዛሬውኑ የሚለውን አስምሬበታለሁ።»

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሆቴል ነው ያለው። በዚህች ሰዓት አንድ ባለከረባት እግሩን አጣምሮ «ዛሬውኑ» ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። የመስኮቱን እንጨት ያዝኩ።

«እኔ አንድ ጊዜ ዋሽቼ ስድስት ወር እንቅልፍ አጣሁ» አለች። «ዐርብ የሚጠይቁኝን በእውነት ነው የምመልሰው። ስለዚህ አሁን አንተ እውነቱን ንገረኝ። ተመርምረሃል? ደህና ነህ፣ ባለመስማሩ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እንዲያውም ሁለት መልስ ነበረኝ። ደህና ነኝ ብላት ይህን ደፍ ተሻግራ ልታቅፈኝ ትመጣለች፤ እግሯ ዝግጁ ነው፣ ሳላያት አውቃለሁ። ታምሜያለሁ ብላት ደግሞ ይባስ ትሮጣለች፤ እጄን ትይዛለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ዐርብ ዕለት ወረቀቱ ላይ «አዎ» ብላ ትፈርማለች። ጠባይዋን አውቀዋለሁ፤ ጣቷን እየቆረጠች አራት ጊዜ ስፌት የተረተረች ሴት ናት። የትኛውንም ብናገር ወደ ውስጥ ይጠራታል።

ሳሉ ደግሞ ከሥር መጣብኝ። ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ይገፋኛል። ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያነብም ያዝንልኛል። ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ፣ ደብዳቤዎቿን ሰው ወንበር ውስጥ እንደሰፋኋቸው በአፌ መናገር ስላቃተኝ ነው። ይህን ከምነግራት ጨካኝ ነው እንድትል መረጥኩ።

ዞሬ አየኋት። አንዴ ብቻ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የምትጠብቅ ሴት ፊት ነው። ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቷል፤ እኔ ቃሉን እንደጀመርኩ ቀሪውን ልትጨርስልኝ የተዘጋጀች ትመስላለች።

መዶሻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የጓሮውን በር ገፋሁ። አጥሩ ጥግ የተደረደሩት የሶፋ እንጨቶች መሐል ስደርስ «ምን አደረግኩህ?» ስትል ሰማኋት፤ አልጮኸችም፣ አጠገቧ ያለ ሰው እንደምታነጋግር ነው ያለችው። ትንፋሼን እንደያዝኩ ሄድኩ።